ፕሮጀክቱ ሲሄድ የሚቀረው

(በተመራቂዎች ማኅበር የመገናኛ ዕለት የቀረበ ንግግር፤ ለዚህ የዓመት መጽሐፍ በጥቂቱ ታርሞ የወጣ)



የተሰጠኝ ርዕስ «ዓለም አቀፍ ትብብር ለአየር ንብረት ለውጥ መላመድና ለአደጋ ስጋት ቅነሳ» ይላል። ረጅም ነው። እውነቱን ለመናገር እንዲህ ያለ ርዕስ ስንሰማ ብዙዎቻችን ዐይን ላይ የሚመጣው የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ የሻይ ዕረፍትና የቡድን ፎቶ ነው። እኔ ዛሬ ርዕሱን ወደ አንዲት አጭር ጥያቄ አሳጥሬዋለሁ፦ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ፣ ባለ ባንዲራው መኪና ሲሄድ፣ እዚህ ምን ይቀራል?

ከተራራው ልጀምር። ወልቂጤና ቡታጅራ የጉራጌን ተራሮች ግራና ቀኝ ይዘው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በምዕራቡ ጎን የዘነበው ዋቤን ይሞላል፤ ዋቤ ጊቤ ይገባል፤ ጊቤ ኦሞ ይሆናል፤ ኦሞም አገር አቋርጦ የቱርካናን ሐይቅ ይመግባል። ቱርካና አብዛኛውን ውሃውን የሚያገኘው ከዚሁ ከኦሞ ነው። በምሥራቁ ጎን፣ በዘቢዳር በኩል የወረደው ደግሞ በመቂ ወንዝ አድርጎ ዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። እንግዲህ ጉብሬ ላይ ቆመን ስናየው ከፊሉ ዝናባችን የኬንያ ዓሣ አጥማጅ ጉዳይ ነው፤ ከፊሉም የዝዋይ አትክልተኛ ጉዳይ ነው። ከዚህ ተዳፋት ላይ የታጠበ አፈርም እንዲሁ ጊቤ ሦስት ግድብ ድረስ ይጓዛል።

ይህ የጂኦግራፊ ትምህርት ብቻ አይምሰላችሁ። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ ውስጥ በዳሰነች ወገኖቻችን ላይ ሌሊት ደረሰባቸው፤ ከ360 በላይ ሰው ሞተ፤ ከብቱም አለቀ። ወንዙን የሞላው የደጋው ዝናብ ነበር። ላይ ያለው ሰው ዝናቡን ያያል፤ ታች ያለው ሰው ጎርፉን ይቀበላል። በመካከል ያለው ርቀት ቀናት የሚያስኬድ ነው፤ ቀናት ደግሞ ሰውን ከወንዝ ዳር ለማንሳት ይበቃሉ፤ ዝናቡን ያየው ሰው ለሚነግረው ከነገረ ማለት ነው። ትብብር የሚባለው ነገር ለእኔ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ላይ ያለው ለታች ሲናገር።

አሁን ወደ ቡታጅራ ልውሰዳችሁ። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በቡታጅራና ዙሪያዋ አንድ ሥራ ጀመረ። ዘጠኝ የገጠር ቀበሌዎችና አንድ የከተማ ቀበሌ ተመረጡ። ሰዉ ቤት ለቤት ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ከአካባቢው የተቀጠሩ መረጃ ሰብሳቢዎች ደብተር ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ማን ተወለደ፣ ማን ሞተ፣ ማን ገባ፣ ማን ለቀቀ እያሉ መዘገቡ። ከሥራው ጀማሪዎች አንዱ ዶክተር ደስታ ሻመቦ ነበሩ። ሥራው በደርግ ዘመን ተጀመረ፤ መንግሥት ሲለወጥም አልተቋረጠም። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው በርካታ ኢትዮጵያውያን የዶክትሬት ትምህርታቸውን ጨርሰዋል። በዓለም ዙሪያ እንዲህ ያለ ምዝገባ የሚያካሂዱ ጣቢያዎች «ኢንዴፕዝ» የሚባለውን ኅብረት ሲመሠርቱም ቡታጅራ አብራ ነበረች።

ይህ መዝገብ አንድ ነገር አሳየ፤ ለዛሬው ጉዳያችን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 ኢትዮጵያ ውስጥ ረሃብ እንዳለ ዓለም አወቀ። ካሜራው በተለይ ወደ ሶማሌ ክልል፣ ወደ ጎዴ ሄደ። ቡታጅራን ያነሳት አልነበረም። ኋላ ተመራማሪዎች የቡታጅራን መዝገብ ገልጠው ከዝናብ መረጃ ጋር ሲያስተያዩት፣ እ.ኤ.አ. በ1998 እና በ1999 በክትትሉ ውስጥ ካሉት ወደ 45 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች መካከል የሟቾች መጠን ከፊቱና ከኋላው ካሉት ዓመታት ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። የዝናቡ መዛባት፣ የሰብሉ ጉዳት፣ ወባው፣ ተቅማጡ፣ የእህል ዋጋው ተደራርቦ ነው ሰዉን የጨረሰው። አንድ ትልቅ አደጋ ስሙ ተጠርቶ አልመጣም። ትናንሽ አደጋዎች ተያይዘው መጡ፤ አብዝተው የጎዱትም ገጠሬውንና ድሃውን ነው።

ልብ በሉልኝ። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ እነዚያ ሰዎች የሞቱበት ዓመት እንደማንኛውም ዓመት ያልፍ ነበር። ቤተሰቦቻቸው ብቻ ያውቁት ነበር።

ነገር ግን ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ያ ጥናት ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አሥር ዓመት አልፎ! ሟቹ ደብተር ላይ የሰፈረው በዚያው ሰሞን ነበር፤ ደብተሩ የተናገረው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በእንግሊዝኛ፣ በውጭ አገር መጽሔት ላይ ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። ይህን የምለው የሠሩትን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። መዝገቡ የተሠራው ለምርምር ነበር፤ ምርምርም በራሱ ፍጥነት ይሄዳል። ትምህርቱ ለእኛ ነው። መዝገብ መኖሩ ብቻውን አይበቃም፤ መዝገቡ በጊዜው ወረዳው ጆሮ የሚደርስበት መንገድ ያስፈልገዋል። ያ መንገድ ከሌለ የምንጽፈው ታሪክ ይሆናል እንጂ ማስጠንቀቂያ አይሆንም።

ወባን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። እዚህ ያደግን ሰዎች «ወባ የቆላ በሽታ ነው፤ ደጋ አይወጣም» ሲባል ሰምተናል። በቡታጅራ አካባቢ የተደረገ ጥናት ግን ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ ባሉ ቀበሌዎችም ወባ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳይንስ» በሚባለው መጽሔት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የደብረ ዘይትን አካባቢ የብዙ ዓመት መረጃ መርምሮ፣ ሙቀቱ በጨመረባቸው ዓመታት ወባ ወደ ከፍታው እንደሚወጣ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ ታሟል፤ 1,157 ሰው ሞቷል። እንግዲህ ደጋ ያለ ጤና ጣቢያ በዚህ ወር ከወትሮው የበዛ የወባ ሕመምተኛ ሲያይ፣ በዚያው ሳምንት ለማን ይናገራል? የሰማውስ ምን ያደርጋል? መላመድ የሚባለው ትልቅ ቃል ሲፈታ እንዲህ ያለ ተራ ጥያቄ ነው።

«ዛሬ ሳተላይት አለ፤ ከላይ ሆኖ የሚያይልን አለ» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሳተላይቱ ትልቅ ነገር ነው። ግን የቅርቡን ታሪክ እናስታውስ። የ1977ቱ ረሃብ ዓለምን ካስደነገጠ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካኖች «ፊውስ ኔት» የሚባለውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት መሠረቱ። ለአርባ ዓመት ያህል የእኛ መሥሪያ ቤቶችም ለጋሾችም ሲጠቀሙበት ኖሩ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ የውጭ እርዳታ እንዲቆም ትእዛዝ ወጣ፤ ድረ ገጹም ተዘጋ። ለወራት ማየት አልተቻለም። ኋላ ተመልሶ ተከፍቷል፤ ነገር ግን ትምህርቱ አልተዘጋም። በእኛ ረሃብ ምክንያት የተሠራ ዐይን፣ ማብሪያና ማጥፊያው እኛ ጋ አልነበረም። «የሰው ወርቅ አያደምቅም» የሚባለው ለጌጥ ብቻ አይደለም።

ይህን ስል ከሰው ጋር መሥራት ይቅርብን ማለቴ አይደለም። ቡታጅራ ያለ ስዊድን ቡታጅራ አትሆንም ነበር። የምለው የትብብሩ ዓይነት ይለያያል ነው። ቡታጅራ ላይ የመጣው እንግዳ ሲሠራ የአገሩ ሰው አብሮት ሠራ፤ ተማረ፤ ኋላም ራሱ መሪ ሆነ። ገንዘቡ ቢቀንስም ሰውና መዝገብ ቀሩ። እንዲህ ያለውን ነው መፈለግ ያለብን።

ትብብርም የአንድ ወገን ስጦታ ነው ብለን እጃችንን ብቻ ዘርግተን መቅረብ የለብንም፤ እኛም የምንሰጠው አለን። እንሰትን ተመልከቱ። የዱር እንሰት በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ይበቅላል፤ አላምዶ ምግብ ያደረገው ግን የእኛ አገር ገበሬ ብቻ ነው። በ1977ቱ ክፉ ጊዜ እንሰት የሚተከልባቸው አካባቢዎች በአብዛኛው የከፋው ረሃብ አልደረሰባቸውም። ለምን ቢባል እንሰት ቀጠሮ አያውቅም። ዝናብ ቢዘገይ ይታገሣል፤ ችግር ሲመጣ ከጓሮ ተነቅሎ ይፋቃል፤ ቆጮው ጉድጓድ ውስጥ ይከርማል። የእንግሊዙ ኪው የዕፀዋት ተቋም ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ እንሰት ዛሬ ከሚተከልበት ውጭ በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ቢስፋፋ ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ተጨማሪ ሕዝብ መመገብ እንደሚችል ገምተዋል። ያን ዕውቀት ማን ያዘው? የእንሰቱን ዝርያ በስሙ እየጠሩ የሚለዩት፣ የትኛው ለቡላ፣ የትኛው ለአሚቾ፣ የትኛው ለመድኃኒት እንደሚሆን የሚያውቁት፣ የሚፍቁትም እናቶቻችን ናቸው።

አጠውልግም አለ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በሳይንስ የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው፤ ያጠኑት ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የተባሉ ሳይንቲስቶች ናቸው። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2001፣ ያው ባክቴሪያ ኡጋንዳ ውስጥ ሙዝ ላይ ወጣ፤ ወደ ጎረቤቶቿም ተስፋፋ። በበሽታው የነካ ቢላዋ በእሳት መለብለብ፣ የታመመውን ነቅሎ መቅበር፣ ከብት ማራቅ፤ ይህ ሁሉ የእኛ ገበሬና የእኛ ተመራማሪ ቀድሞ የታገለበት ነገር ነው። የጉራጌ እናት ከኡጋንዳ ሙዝ ገበሬ ጋር የምትነጋገርበት ጉዳይ አላት ማለት ነው። አደጋ ድንበር ከተሻገረ ዕውቀቱም መሻገር አለበት።

ስለ ናዳ ሳልናገር አላልፍም፤ ተዳፋት ላይ የምንኖር ሰዎች ነን። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከሁሉ የሚያንገበግበው፣ ከሟቾቹ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ናዳ በላያቸው መጣ። የኢትዮጵያ ሕዝብ ወገኑ ሲቀበር ቆሞ አያይም፤ እንዳይሮጥ ማድረግም አይቻልም። ግን «አንድ ሰው ላይ ሆኖ ተራራውን ይጠብቅ፤ አፈሩ ሲንቀሳቀስ ይጩህ» የሚል ልምምድ በየቀበሌው ቢኖር ስንቱ ይተርፍ ነበር? ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር የተቀበለችው የሰንዳይ ማዕቀፍ፣ ከ2015 እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሚዘልቀው፣ ከሚያዛቸው ነገሮች የመጀመሪያው አደጋን ማወቅ ነው። ማወቅ ማለት መሬቱ የተሰነጠቀበትን ቦታ ከክረምት በፊት ዞሮ ማየት፣ መጻፍ፣ ለባለቤቱም መናገር ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እሱም ሳይነሳ አይታለፍም። ለሙቀቱ መጨመር የእኛ ድርሻ ኢምንት ነው፤ ጉዳቱ ግን ቤታችን ገብቷል። ለዚህም ነው አገሮች እ.ኤ.አ. በ2022 ሻርም አል ሼክ ላይ የጉዳትና ኪሳራ ፈንድ እንዲቋቋም የተስማሙት፤ በ2023 ዱባይ ላይም ሥራ እንዲጀምር ወሰኑ፤ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቃል ተገባለት። ለመላው ዓለም ሲካፈል ጠብታ ነው። ለዚያች ጠብታም ሰልፉ ረጅም ነው። ሰልፉ ላይ ሲደርሱ የሚጠየቀው ደግሞ ማስረጃ ነው፦ ምን ጠፋ? መቼ? ስንት? ከዚያ በፊትስ እንዴት ነበር? ያልተመዘገበ ጉዳት እንዳልደረሰ ይቆጠራል። የደረቀችው ምንጭ ስሟ ካልተጻፈ፣ የረገፈው እንሰት ካልተቆጠረ፣ ለእኛ የሚከራከር ሰው ባዶ እጁን ነው የሚቀመጠው።

እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ አዲስ አበባ ይካሄዳል። ዓለም ቤታችን ይመጣል። ከወልቂጤ በመኪና ግማሽ ቀን እንኳ አይፈጅም። ያን ጊዜ ምን ይዘን እንቀርባለን? ይህ ለመንግሥት ብቻ የሚተው ጥያቄ አይመስለኝም።

ለአካባቢው ሰው አዲስ ነገር እየነገርኩ አይደለም። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ተወላጆች ተሰባስበው፣ ማኅበር አቋቁመው፣ ከሱቅና ከጉልት ትርፍ ገንዘብ አዋጥተው አገራቸው መንገድ እንዲገባ አድርገዋል። መንግሥትን መንገድ ሥራልን ብለው ሲጠይቁ የራሳቸውን መዋጮ ይዘው ነበር የቀረቡት። የያዘ ሰው ሲጠይቅ አነጋገሩም ይለያል። እኔ የምለው የዛሬው መንገድ የመረጃ መንገድ ነው፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው፦ መጀመሪያ መዋጮ፣ ቀጥሎ ጥያቄ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አቅርቤ ልጨርስ።

አንደኛው ለመምህሮቻችን ነው። ዩኒቨርሲቲያችን ሦስተኛው ትውልድ ከሚባሉት አንዱ ነው፤ ወጣት ነው። በየዓመቱ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ይሠራሉ። እያንዳንዱ የራሱን ቀበሌ መርጦ፣ የራሱን መጠይቅ አዘጋጅቶ፣ አስጠርዞ መደርደሪያ ላይ ያስቀምጣል። ከተራራው በሁለቱም ጎን፣ ከደጋ እስከ ቆላ፣ አሥር ቀበሌ እንምረጥ። ቡታጅራም በአሥር ነው የጀመረችው። ከዚያ ከጤናም፣ ከግብርናም፣ ከውሃ ምህንድስናም፣ ከሶሺዮሎጂም የሚሄደው ተማሪ እዚያው ይሂድ፤ በየዓመቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ዝናቡ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፤ የትኛው ምንጭ ቀነሰ፤ ወባ እስከ የት ወጣ፤ አጠውልግ ስንት ጓሮ ገባ፤ መሬቱ የት ተሰነጠቀ። የአሥር ዓመት ተማሪ ተደምሮ አንድ መዝገብ ይሆናል። ይህ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ ሳይሆን ስምምነት የሚጠይቅ ነው። መዝገቡም አሥር ዓመት አይጠብቅ፤ በየወሩ አንድ ገጽ በአማርኛና በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ ለወረዳው፣ ለጤና ጣቢያው፣ ለእድሩ ይድረስ። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ላይ ይነገር።

ሁለተኛው የመግባቢያ ሰነድ ለሚፈርሙ ኃላፊዎች ነው። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ወይም ድርጅት ጋር ስትፈራረሙ ሦስት መስመር እንዲገባ አድርጉ፦ የተሰበሰበው መረጃ ሙሉ ቅጂ እዚህ ይቀራል፤ ሥራው ላይ የሚሰማራው ሰው ከዚህ ይቀጠራል፣ ይሠለጥናልም፤ ውጤቱ ከመጽሔት በፊት መረጃውን ለሰጠው ቀበሌ ይነገራል። ቅን አጋር እነዚህን መስመሮች አይፈራም። እነዚህን የሚፈራ ከሆነ ከፊርማው በፊት ማወቁ ይሻላል።

ሦስተኛው ለእኛ፣ ለተመራቂዎች ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ባንክ የሚሠራ አለ፤ ጤና ጥበቃ ያለ አለ፤ ግብርና ያለ አለ፤ ቴሌ ያለ አለ፤ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጣ አለ። የማኅበራችንን መዋጮ ከፍለን ምሳ በልተን ከመለያየት ባለፈ፣ ለእያንዳንዱ ቀበሌ የዝናብ መለኪያ፣ ለሚመዘግበው ሰው መጠነኛ አበል፣ መረጃው የሚቀመጥበት አንድ ኮምፒውተር ከእኛ ኪስ ይውጣ። በመስቀል፣ በአረፋ ወደ አገር ቤት ስንገባ ክትፎው መካከል ሽማግሌዎችን እንጠይቅ፦ ያቺ ምንጭ አለች ወይ? ውጭ ያላችሁም የምትሠሩበትን ተቋም አስተዋውቁን፤ አጋር አምጡልን። እኛም አጋሩን የምንቀበለው «ይኸው የአምስት ዓመት መዝገባችን፤ ከዚህ ላይ አብረን እንቀጥል» ብለን ይሆናል።

ዝናቡ እንደ ድሮው እንደማይሆን አውቀናል። የትኛው ክረምት ዋቤን ከወትሮው በላይ እንደሚሞላ፣ የትኛው በልግ ሳይመጣ እንደሚቀር ግን ማንም ቀድሞ አይነግረንም። ያ ክረምት ሲመጣ ደጋ ላይ ያለው ሰው ያየውን ይጻፍ፤ የጻፈውም ያንኑ ሳምንት ታች ላለው ይድረስ። ይህንን ማንም መጥቶ አይሠራልንም፤ ከጀመርነው ግን የሚያግዘን አይጠፋም።